ዘበኛዋና የዓርብ ቅዳሴ

ባለፈው ወር አቡ ዳቢ ውስጥ አንድ ሱፐርማርኬት ገብቼ ሳሙና ስፈልግ፣ መደርደሪያ የምትሞላ ልጅ የካርቶን መክፈቻ ቢላዋዋ አመለጣትና አንድ የሞዴስ ማሸጊያ ሸረከተችው። ወዲያው ያ ሽታ ወጣ። አበባ አበባ የሚል፣ የሕፃን ፓውደርም ያለበት፣ ትንሽ የሚያስነጥስ ሽታ። እኔም እዚያው ተገትሬ ቀረሁ። ልጅቷ የተቆጣሁ መስሏት "ሶሪ ማም፣ ሶሪ" አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? በዚያች ደቂቃ እኔ አል ዓይን፣ አል ሙዋይጂ፣ የእታለም ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ሁሉንም ነገር ደግሞ አውቅ ነበር።

እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ናት። የክርስትናም የመታወቂያም ስሟ ሌላ ነው፤ እናቴ ከልጅነቷ ጀምራ እታለም ስለምትላት እኔም እታለም አልኳት፣ የምትሠራላት ማዳምም ሳትቀር "ኢታሌም!" እያለች ትጠራታለች። ከጎንደር ወጥታ አል ዓይን የገባችው እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። አዝላ ያሳደገቻቸው የማዳም ልጆች ዛሬ መኪና ይነዳሉ። ኮሮና በገባበት ዓመት የምትኖረው ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ ግቢው ጥግ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ነበር።

እናቴ ነርስ ናት። በሽታው ሲብስ የምትሠራበት ሆስፒታል ሠራተኞቹን ሆቴል አስገባቸውና ወደ ቤት መመለስ ቀረ። አባቴ ደግሞ ለልቅሶ አዲስ አበባ ሄዶ በረራ ሲቋረጥ እዚያው ቀርቷል። እኔን ማን ይያዘኝ? እታለም ማዳምን ለመነቻት። ማዳም ስኳሯ ከፍ ብሎ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ እናቴ አስታማታለች፤ ያንን አልረሳችም። "ልጅቷ ትምጣ፤ ከግቢ ግን አትወጣም። ኸላስ" አለች። ማዳም ኸላስ ካለች ነገሩ አለቀ ማለት ነው፣ ይግባኝ የለውም።

እናቴ በጓደኛዋ መኪና ከአቡ ዳቢ በስዌይሃን መንገድ ወሰደችኝ። መንገድ ዳር ግመሎች ቆመው ነበር። "ማስክ የሌላቸው እነሱ ብቻ ናቸው" ብያት ሳቀች፤ ሳቋ ከማስኩ ውስጥ ታፍኖ ነበር የሚሰማኝ። በሩ ላይ ስንደርስ አልሳመችኝም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችልኝና ሄደች። እኔ ደግሞ ስላልሳመችኝ አኮረፍኩ። ለጥቂት ጊዜ ነው ተብሎ የነበረው ነገር በአቡ ዳቢና በአል ዓይን መካከል ያለው መንገድ ሲዘጋ በጋውን ሙሉ ሆነ።

እዚያ የተሰጠኝ ሥራ ዕቃ ማዘዝ ነበር። እታለም ከግቢ እንዳትወጣ ስለተከለከለች የሰፈሩ ባቃላ፣ ትንሹ ሱቅ ማለቴ ነው፣ የሚፈለገውን በር ድረስ ያመጣል። ባለሱቁ የመደርደሪያውን ፎቶ በስልክ ይልክልናል፤ እኛ የፈለግነው ዕቃ ላይ ቀይ ክብ አድርገን እንመልስለታለን። ክቡን የማደርገው እኔ ነኝ። ሽንኩርት፣ ምስር፣ ዘይት ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ሞዴስ ነበር።

ባለሱቁ የሞዴሱን መደርደሪያ ፎቶ ሲያነሳ ያፍራል መሰለኝ፤ ከሩቅ ነው የሚያነሳው፣ ግማሹን ደግሞ የገዛ አውራ ጣቱ ይሸፍነዋል። እታለም ዐረብኛ ስትናገር ከማዳም አትለይም፤ ማንበብ ላይ ግን በዐረብኛውም በእንግሊዝኛውም አታምጪብኝ ነው። ስለዚህ እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትፈርዳለች።

"እስቲ ያንን ሮዙን አጉይው። ምን ይላል?"

"አልትራ ቲን፣ ዊዝ ዊንግስ።"

"በአማርኛ፣ ልጄ! በአማርኛ!"

"በጣም ቀጭን። ክንፍ ያለው።"

"ክንፉ ደግ ነው፣ ይይዛል። ቅጥነቱ ግን ለኔ አይሆነኝም። ለሌሊት የሚሆነው ረጅሙ የታለ? ሰማያዊው?"

"ጣቱ ሸፍኖታል።"

"ጣትህን አንሳ በይው እንግዲህ።"

እኔም "ፕሊዝ ሙቭ ዩር ፊንገር" ብዬ ጻፍኩለት። ድጋሚ ፎቶ ላከ። አሁን ጣቱ የለም፣ ግን ፎቶው የውሻ ምግብ ነው። እታለም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

በየማሸጊያው ጥግ ላይ የተሳሉ ጠብታዎች ነበሩ። አንዱ ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ሦስት፣ ረጅሙ ላይ ደግሞ ብዙ። የነሱን ትርጉም ማንንም ሳልጠይቅ ደረስኩበት። ዋና ስማር ደረጃ ነበረን፤ ጀማሪ አንድ ኮከብ ይሰጠዋል፣ እየጎበዘ ሲሄድ ይጨመርለታል። ጠብታውም እንደዚያ ነው። አንድ ጠብታ ለጀማሪ፣ ብዙ ጠብታ እንደ እታለም ላለች የብዙ ዓመት ባለሙያ። የሚታወቅ ነገር ምን ይጠየቃል?

እታለም ሞዴሶቿን በትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በየዓይነቱ ደርድራ ነው የምታስቀምጣቸው። አንድ ቀን አጠገቧ አስቀምጣኝ እያወጣች አሳየችኝ። "ይኼን እናትሽ ነበረች የምትነግርሽ። እሷ ስለሌለች እኔው ልንገርሽ፣ አትፈሪ" አለችኝ። እኔ የምፈራ አልነበርኩም፤ የምታፍረው እሷ ነበረች፣ እየነገረችኝ ወደ መስኮቱ ታያለች። ረጅሞቹ ለሌሊት ናቸው፣ በተለይ ለመጀመሪያው። መካከለኞቹ ለቀን። ከሁሉ ሥር፣ ለየብቻ የታጠፉ፣ የጣት ያህል ጠበብ የሚሉ ስስ ነገሮች ነበሩ። በማሸጊያው ላይ ላይነር ይላል። እታለም ግን ዘበኛዋ ነው የምትላት።

"ለምን ዘበኛ?"

"ድግሱ አልቆ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ በር ላይ የሚቀር ማነው? ዘበኛ አይደለም? ይቺም እንደዚያ ናት። ያለቀ ሲመስለኝ እሷን አደርጋታለሁ። ብቅ የሚል ነገር ካለ ትይዘዋለች፤ ከሌለ ደግሞ ንጹሕ ሆና ታድራለች።"

ባቃላው ውስጥ በዚያ ሰሞን የተገኘችው ዘበኛ ሽቶ ያላት ብቻ ነበረች። እታለም አትወዳትም። "ሽቶው ያሳክካል። ደግሞ ሰው ታጥቦ ካደረ ምን ሽቶ ያሻዋል? የጥጧን፣ ሽታ የሌላትን ስታገኚ እሷን ያዢ" ትለኝ ነበር። እስኪገኝ ድረስ ግን የኛ ክፍል፣ ቁም ሳጥኑ፣ ነጠላዋ፣ የኔም የትምህርት ታብሌት ሳይቀር ያንን አበባ አበባ ሸተተ። ማዳም አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ አየሩን አሸተተችና "ምን ዓይነት ዕጣን ነው?" ብላ ጠየቀች። እታለም የመለሰችላትን አልሰማሁም፤ ወዲያው ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

ዓርብ ዓርብ ቅዳሴ ነበረን። አቡ ዳቢ፣ አል ሙሽሪፍ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ለምእመናን ተዘግቶ ካህኑ ከጥቂት ዲያቆናት ጋር እየቀደሱ በስልክ ያስተላልፉ ነበር። ከዚያ በፊት እታለም ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ማዳም ስትፈቅድ ብቻ ነው፣ ያውም በዓመት በዓል። አሁን ግን በየሳምንቱ ክፍሏ ድረስ መጣላት። "ሳይደግስ አይጣላም" አለች፣ ደስታዋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

ከዋዜማው ጀምሮ ክፍሏ ይታጠባል። አልጋው ወደ ጥግ ይገፋል። ስልኩ የሚቀመጠው መስኮቱ አጠገብ ባለችው መደርደሪያ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ነው፤ ከትልቁ ቤት የሚመጣው ዋይፋይ የሚደርሰው እዚያችው ድረስ ብቻ ነበርና። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ምግብም ውኃም አይቀመስም። ነጠላ በወጉ ይለበሳል። እኔ መጀመሪያ ላይ ስልክ ፊት ይህን ሁሉ ማድረግ ያስቀኝ ነበር። ቅዳሴው ሲጀመር ግን እታለም በባዶ እግሯ ቀጥ ብላ ስትቆም ሳቄን ዋጥኩ።

አንድ ዓርብ ሁሉንም አዘጋጅታ፣ ስልኩን አስተካክላ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ በሩን ከፍታ ወጣች።

"እታለም! ሊጀመር ነው እኮ! የት ነሽ?"

"ዛሬ ደጅ ነኝ።"

ተከትያት ወጣሁ። መስኮቱ ሥር ቆማለች። የኤሲው ሞተር ያለው እዚያ ነው፤ በዚያ በእሳት ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት ይተፋባታል። ያኔ ነው የነገረችኝ፤ የወር አበባዋ የመጣባት ሴት ከቅጥሩ አልፋ ወደ ውስጥ አትገባም፣ ደጅ ሆና ታስቀድሳለች። ለካ አል ሙሽሪፍ እያለን ግንቡን ተደግፈው የሚቆሙት ሴቶች እነሱ ኖረዋል። እኔ ያረፈዱ ነበር የሚመስሉኝ፤ አንዳንዴም በልቤ አዝንባቸው ነበር፣ ትንሽ ቀደም ብለው ቢነሱ ምናለ እያልኩ።

"ግን ይኼ እኮ ስልክ ነው" አልኳት።

"ስልኩ ስልክ ነው። ቅዳሴው ቅዳሴ ነው። ግቢ አሁን፣ ቀዝቃዛው አየር እንዳይወጣ።"

እኔ ከቀዝቃዛው ክፍል ሆኜ በመስኮቱ አያታለሁ፤ እሷ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ከደጅ ትሰግዳለች። የሚቀጥለው ዓርብ ማለዳ ከቆርቆሮው ዘበኛዋን ስታወጣ አየኋት። ታጥባ፣ ልብስ ቀይራ፣ ወደ ውስጥ ገብታ ከጎኔ ቆመች። ነገሩ ገባኝ። ረጅሙን ያደረገች ደጅ ትቆማለች፣ ዘበኛዋን ያደረገች ትገባለች። ይኼንንም ማንንም ሳልጠይቅ ደረስኩበት።

እናቴ ማታ ማታ በቪዲዮ ትደውላለች። የማስኩ ላስቲክ ጉንጯ ላይ ያወጣውን መስመር እያየሁ "ዛሬ ጠባብ ማስክ ነው የሰጡሽ" እላታለሁ። አንድ ማታ ምስሏ የለም፣ ድምጿ ብቻ መጣ። "ካሜራው ተበላሽቶብኝ ነው" አለች፤ ከዚያም ሳለች። እታለም ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ወደ ግቢው ወጣች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። ፊት የታጠበ ሰው አለቀሰ ማለት እንደሆነ ያኔም አውቅ ነበር።

"ትንሽ አሟታል" አለችኝ።

ትንሽ አልነበረም። ከሁለት ማታ በኋላ እናቴ በምትሠራበት ሆስፒታል በሽተኛ ሆና ተኛች። ለመተንፈስ ኦክስጅን ይረዳታል አሉ። መንገዱ ተዘግቷል፤ ቢከፈትም የሚያስገባን የለም። እታለም ማድረግ የምትችለው አንድ ነገር ነበር፤ ለካህኑ የእናቴን የክርስትና ስም ላከች። በዚያ ሰሞን ካህኑ ከቅዳሴው በኋላ የታመሙትን ሰዎች ስም እያነበቡ ያስጸልዩ ነበር። የእናቴ ስም ወለተ ማርያም ነው።

"ሌላ ወለተ ማርያም ካለችስ? እግዜር በምን ይለያታል?"

"ይለያታል። የተኛችበትን አልጋ ሳይቀር ያውቃል።" እታለም እጄን ያዘች። "አንቺ ብቻ ስሟ ሲጠራ አሜን በይ። ጮክ አድርገሽ። የልጅ አሜን ቶሎ ይደርሳል።"

ይህን ያለችው ልታጽናናኝ ነው። እኔ ግን እንደ ትእዛዝ ተቀበልኩት። እናቴን የማድነው እኔ ነኝ። ዓርብ ይመጣል፣ ስሟ ይጠራል፣ እኔ እላለሁ፣ እሷ ትነሳለች። የቀረው ነገር ዓርብ መድረሱ ብቻ ነበር።

ከዓርብ በፊት ረቡዕ መጣ። የሒሳብ ክፍል ላይ ሆኜ፣ ታብሌቱ ውስጥ መምህራችን ስለ ክፍልፋይ እያወራ፣ የኔ ቀን ደረሰ። አልደነገጥኩም። ካሜራውን አጠፋሁ፣ ወደ ቆርቆሮው ሄድኩና በእርጋታ አንድ ጠብታ ያላትን መረጥኩ፤ ጀማሪ ነኛ። ተመልሼ ቁጭ ብዬ ክፍልፋዬን ቀጠልኩ። ጥቂት ቆይቶ እታለም መታጠቢያው ላይ ልብስ ሳሽ ደረሰችብኝ።

"ምንድን ነው የምታጥቢው በዚህ ሰዓት?"

አየችው። አፏን በሁለት እጇ ያዘች፣ ከዚያ ኮሮናውን ሁሉ ረስታ ግንባሬን ሳመችኝ። "ሴት ሆንሽ! የኔ ልጅ ሴት ሆነች! እናትሽ ይህን ሳታይ..." አለችና ዋጠችው። ቀጥላም "የትኛውን አደረግሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። የዘበኛዋን ባዶ ማሸጊያ አሳየኋት። እንደገና አፏን ያዘች፤ አሁን ግን ለሳቅ ነበር።

"ብቻዋን ጦር ሜዳ ላክሻት እንዴ? ምን አድርጋሽ ነው?"

መካከለኛውን ሰጠችኝ፣ እንዴት እንደሚለጠፍ፣ ክንፉ ወዴት እንደሚታጠፍ አሳየችኝ። ዝንጅብል በሻይ አፈላችልኝ። ማዳም ቤት የተረፈ ተምርም አመጣች፤ የወር አበባ የመጣባት ልጅ ጣፋጭ ነገር ትብላ አለች። እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን እስከ ዛሬ ከሌላ ሰው አልሰማሁም። ደስ ብሎኝ ተምሬን እየበላሁ ሳለሁ ነው፣ ምንም ሳይመስላት፣ "እንግዲህ ዓርብ ከመስኮቱ ሥር ነሽ። ጥላ ያለበትን ጥግ አሳይሻለሁ" ያለችኝ።

ተምሩ አፌ ውስጥ ቀረ።

"አሜኑስ?"

"ከደጅ ትያለሻ።"

ከደጅ! መስኮቱ ዝግ፣ ኤሲው የሚያጓራበት፣ ካህኑ እንኳ በቅጡ የማይሰሙበት ደጅ። ከዚያ የተባለ አሜን መስኮቱን አልፎ፣ ስልኩን አልፎ፣ አል ሙሽሪፍ ደርሶ፣ ከዚያ ወደ ላይ... በየት በኩል? ሌሊቱን እያሰብኩ አደርኩ። ሐሙስ እናቴ የድምጽ መልእክት ላከችልኝ። በየቃሉ መካከል ትተነፍሳለች። "የኔ ቆንጆ... ጸልዪልኝ... እሺ?" ይላል። እታለም ሴት መሆኔን እንድነግራት ስልኩን ሰጠችኝ። አልነገርኳትም። ስትነሳ እነግራታለሁ ብዬ ነው።

ዓርብ ማለዳ እታለም ስልኩን ስታስተካክል እኔ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ጦር ሜዳ የተባለውን አልረሳሁትም። ግን ዘበኛዋን ያደረገች ትገባለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቴ ታማ እኔ ስለ ልብሴ ልጨነቅ? አደረግኳት። ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

"ምነው? ቆመልሽ እንዴ?" አለች እታለም።

"ዘበኛዋን አድርጌያለሁ።"

ትንሽ አየችኝ። "እንዲህ ቶሎ? እንግዲህ የመጀመሪያ ነው፣ አንዳንዴ ብቅ ብሎ ይጠፋል" አለች። ቅዳሴው ተጀመረ።

ቅዳሴ ረጅም ነው። ቁሙ ሲባል እንቆማለን፣ ስገዱ ሲባል እንሰግዳለን። በልቤ የምቆጥረው ሌላ የለም፣ ስሟ መቼ ይጠራ ይሆን እያልኩ ብቻ ነው። እየሰገድኩ ስነሳ አንድ ትኩስ ነገር ተሰማኝ። እንደገና ሰገድኩ። ከኋላዬ እታለም ስግደቷን አቋረጠች። ዞር ስል ቀሚሴን እያየች ነው።

አልጮኸችም። የራሷን ነጠላ አውልቃ ወገቤ ላይ አሰረችልኝና በጆሮዬ "ማነው ዘበኛዋን አድርጊ ያለሽ?" አለችኝ።

"አንቺ እሷን ስታደርጊ ትገቢያለሽ። አይቼሻለሁ።"

"ሲያልቅ እኮ ነው እሷን የማደርገው! ቀኑ ሲቀልል እሷ ትመጣለች እንጂ እሷ ስለመጣች ቀኑ አይቀልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ!"

ያኔ የያዝኩት ሁሉ አመለጠኝ። "የእማዬ ስም ሊጠራ ነው" እያልኩ አለቀስኩ። "ከደጅ ከሆነ አይሰማም። አሜኔ አይደርስም፣ እማዬ ትሞታለች። አታስወጪኝ እታለም፣ በእግዜር!"

እታለም ስልኩን አየች፣ ሥዕሉን አየች፣ በሩን አየች። ከዚያ ስልኩን በአንድ እጇ እኔን በሌላው ይዛ ወደ ግቢ ወጣች። ሦስት እርምጃ እንደሄድን ካህኑ ቆሙ። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ብቻ መዞር ጀመረች። "ኧረ ዋይፋዩ!" አልኩ። ተመልሳ ሮጠች፣ ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች፣ ኤሲውን ጥፍት አደረገችው፣ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። የግቢው ሙቀት እንዳለ ወደ ክፍሏ ገባ። እሷ ግን ወጣች፣ መጥታም ከጎኔ መስኮቱ ሥር ቆመች።

"አንቺ ግቢ እንጂ። አንቺ ዛሬ ደጅ አይደለሽም" አልኳት እያነፈነፍኩ።

"ዝም በይና ስሚኝ። ከደጅ የተባለ አይሰማም ያለሽ ማነው? አንቺ ስትወለጂ እናትሽ ምጥ ጠንቶባት እኔ አል ሙሽሪፍ ነበርኩ፣ ያው ደጅ፣ ግንቡን ተደግፌ። እዚያ ሆኜ ነው የለመንኩት። አንቺ እኮ ከደጅ በተባለ አሜን የመጣሽ ልጅ ነሽ።"

ኤሲው ስለጠፋ ግቢው ጭር ብሏል፤ የካህኑ ድምጽ ጥርት ብሎ ይሰማል። ስሞቹን ማንበብ ጀምረዋል። ኃይለ ሚካኤል። ወለተ ጊዮርጊስ። ገብረ መድኅን። ከዚያም ወለተ ማርያም አሉ።

"አሜን!" ብዬ ጮህኩ።

ጥቂት ቆይተው እንደገና ወለተ ማርያም አሉ። እታለምን አየኋት። "የትኛዋ ናት የኛ?"

"ለሁሉም በይላቸው።"

ስንት ወለተ ማርያም እንደታመመች ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ለሁሉም ጮህኩ። ለሌሎቹም፣ ለወንዶቹም ጮህኩ፤ ሁሉም የሆነ ልጅ እናትና አባት ናቸው ብዬ። ድምጼ ሲሰማ ማዳም ከትልቁ ቤት በር ብቅ አለች። ምን ሆናችሁ አለች በዐረብኛ። እታለም የእህቷ ስም ለጸሎት እየተጠራ እንደሆነ ነገረቻት። ማዳም የታሰረውን ነጠላና የኔን ፊት አየች። መዳፎቿን ወደ ላይ ዘርግታ "ኣሚን" አለች፣ ቀስ ብላም በሩን ዘጋች።

እናቴ በዚያ ቀን አልተነሳችም። በማግሥቱም አልተነሳችም። እኔ አንዱን ወለተ ማርያም ስቼው ይሆን እያልኩ ስጨነቅ፣ ከብዙ ቀን በኋላ አንድ ማታ ስልኩ ጮኸ፤ ምስል ነበረው። ጉንጯ ገብቷል፣ ፀጉሯ ተንጨባሯል። በፊቷ ላይ ማስክ አልነበረም። "ኦክስጅኑን ነቀሉልኝ" አለችን። እታለም መሬት ላይ ቁጭ ብላ ኡኡ ብላ አለቀሰች፤ ያን ጊዜ ፊቷን ለመታጠብም አልተነሳችም። እኔም ነገርኳት። "እማዬ፣ ሴት ሆኛለሁ" አልኳት። እናቴ ካሜራውን በእጇ ሸፈነችው፣ ለረጅም ጊዜም አላነሳችውም።

ከዚያ በኋላ እታለም ቆርቆሮውን ዘርግፋ እንደገና አስተማረችኝ። ጠብታው የሴትዮዋ ደረጃ እንዳልሆነ፣ የቀኑ ክብደት መሆኑን። ጠዋት የበረታ ማታ ሊቀልል፣ ያለቀ የመሰለም ሊመለስ እንደሚችል። ባለሱቁም በመጨረሻ ሽታ የሌላትን የጥጥ ዘበኛ ፎቶ ላከ፤ ጣቱን ሳያስገባ። እኔም ክቡን ሁለት ጊዜ አደረግኩባት። የዓርቡ ሥርዓታችን ግን በዚያው ተለውጦ ቀረ። አንዳችን ደጅ ከሆንን ሁለታችንም ደጅ ነን፤ ኤሲው ይጠፋል፣ መስኮቱ ይከፈታል። እታለም ሕጉን አልሻረችም። ብቻዬን ግን አላቆመችኝም።

መንገዱ የተከፈተ ሰሞን፣ ዓርብ ነው፣ የግቢው በር ተከፈተ። እኛ ጀርባችንን ሰጥተን መስኮቱ ሥር ቆመናል። ያን ዕለት ደጅ የነበረችው እታለም ናት፤ እኔ ቀኔ አልነበረም። እናቴ መምጣቷን አልነገረችንም ነበር። ቀጥታ ወደ ክፍሉ ሄዳ፣ ጫማዋን አውልቃ ስትገባ ማንም የለም። ባዶ ክፍል ውስጥ ስልኩ ብቻውን ይቀድሳል። በመስኮቱ ብቅ ስትል አየችን።

"እንዴ! ቤቱን ለማን ትታችሁት ነው?" አለች።

እታለም ቅዳሴ ስለሆነ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። እናቴ በበሩ ዞራ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች መጣች። በጣም ቀጥናለች። በሁለታችን መካከል ገብታ ቆመች፣ ትከሻዬን ያዘች፤ የያዘችኝ ይሁን የተደገፈችኝ አላወቅሁም። አልተንቀሳቀስኩም፣ እንዳትወድቅብኝ።

ካህኑ የታመሙትን ስም ማንበብ ጀመሩ። ወለተ ማርያም ሲሉ እናቴ ወደ እታለም ጠጋ ብላ "እኔ እኮ ድኛለሁ። አልነገርሻቸውም?" አለች በሹክሹክታ።

"ነግሬያለሁ። ይቺ ሌላዋ ናት" አለች እታለም። "በይላት።"

እናቴ ያላትን ትንፋሽ ሁሉ ሰበሰበችና አሜን አለች።